የእናታችንን ቤት ዕቃ ከማንሳታችን በፊት ምን እናስቀድም?

መካከለኛዋ ልጅ፦

ጤና ይስጥልኝ። እናታችን ካረፈች ወራት አልፈዋል፤ ብቻዋን ትኖርበት የነበረው የኪራይ ቤት ግን እስካሁን እንደ ተቆለፈ ነው። ታላቅ ወንድሜ ሰው ለማይኖርበት ቤት ኪራይ መክፈል ገንዘብ ማባከን ስለሆነ በአንድ ቅዳሜና እሑድ ሁሉንም አንሥተን ቁልፉን እናስረክብ ይላል። ታናሽ እኅታችን በበኩሏ የልብስ ቁም ሣጥኑ ሲከፈት እንኳ ማየት አትፈልግም። ቁልፉ በእኔ እጅ ስለሆነ የሁለቱም ቅሬታ የሚያርፈው እኔ ላይ ነው።

ገብቼ እንዳየሁት ነገሩ ሁሉ የተደባለቀ ነው። የአልጋው ራስጌ ያለው መሳቢያ ብቻ ሲከፈት የደም ግፊት መድኃኒት፣ የመብራት ክፍያ ደረሰኝ፣ የልጅነት ፎቶግራፎቻችን እና ማኅተም ያለበት አንድ የውል ወረቀት በአንድ ላስቲክ ታስረው ይገኛሉ። የእጅ ስልኳ አሁንም ይሠራል፤ የመክፈቻውን ቁጥር ግን ማናችንም አናውቀውም። ከየትኛው ክፍል እንድንጀምር፣ ምን ነገር በፍጹም መጣል እንደሌለበት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሳንቀያየም እንዴት መጨረስ እንደምንችል በነገሩ ያለፋችሁ ብታካፍሉኝ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው።

የውርስ ጉዳይ፦

በቅድሚያ መጽናናቱን ለመላው ቤተሰብ ይስጣችሁ። ሥራዬ ከውርስ ክርክር ጋር የተያያዘ ስለሆነ በዚያ በኩል ያለውን ብቻ ልጻፍ።

ቤቱን ባዶ ማድረግና ንብረቱን መከፋፈል ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው፤ ብዙ ጣጣ የሚመጣው ቤተሰብ ሁለቱን በአንድ ቀን ሊጨርስ ሲነሣ ነው። ኑዛዜ መኖር አለመኖሩ ሳይጣራና ወራሾቹ በሕግ ሳይታወቁ ዋጋ ያለው ዕቃ መሸጥም ሆነ ለሰው መስጠት ተገቢ አይደለም። በአንዳንድ አገሮች ሕግ ወራሹ የሟችን ንብረት እንደ ራሱ ቆጥሮ ከሸጠ ውርሱን ከነዕዳው እንደ ተቀበለ ሊቆጠርበት ስለሚችል፣ እናትዎ ብድር ወይም ያልተከፈለ ግብር ይኖርባቸው እንደ ሆነ አስቀድሞ ማወቁ ይበጃል። ደንቡ ከአገር አገር ይለያያልና የአካባቢያችሁን የሕግ ባለሙያ ጠይቁ።

በኪራዩ ግን ወንድምዎ እውነት አላቸው። የኪራይ ውል ተከራዩ በሞተበት ቀን በራሱ ጊዜ ይቋረጣል ብላችሁ አትገምቱ፤ በብዙ ቦታ ግዴታው ወደ ውርሱ ስለሚተላለፍ ለአከራዩ በጽሑፍ ካላሳወቃችሁ ሒሳቡ መቁጠሩን ይቀጥላል። ውሉን ፈልጋችሁ የማስጠንቀቂያ ጊዜውን አንብቡ፤ ደብዳቤውንም ዛሬውኑ ላኩ። ያ ጊዜ እስኪያልቅ ድረስ ያለው ፋታ ዕቃውን ረጋ ብሎ ለመለየት ይጠቅማችኋል።

አንድም ዕቃ ከቦታው ሳይነሣ እያንዳንዱን ክፍል፣ እያንዳንዱንም መሳቢያ ክፍት አድርጋችሁ ፎቶ አንሡ፤ ፎቶውንም ሦስታችሁም ዘንድ አስቀምጡ። ከዚያ በኋላ የሚነሣው ወረቀት ብቻ ይሁን። የውል ሰነዶች፣ የባንክ ደብተር፣ የኢንሹራንስ ውል፣ የጡረታ ወረቀት፣ የልደትና የጋብቻ የምስክር ወረቀት፣ የግብር ደረሰኞች በአንድ ሣጥን ይሰብሰቡ። ሰዎች ወረቀት የሚያስቀምጡት በወረቀት ቦታ ብቻ አይደለምና የካፖርት ኪስ፣ የእጅ ቦርሳ ገበር፣ የመጽሐፍ ገጽ፣ የፎቶ ፍሬም ጀርባ፣ የመሳቢያም ሥር ሳይታይ ምንም ነገር ወደ ውጭ አይውጣ። በሙቀት የሚታተመው የሱቅና የባንክ ማሽን ደረሰኝ ጽሑፉ በጊዜ ብዛት ስለሚጠፋ ወዲያው ፎቶ ይነሣ። ጥቅሙ ያልገባችሁን ወረቀት ደግሞ አቆዩት፤ አንድ ካርቶን የሚይዘው ቦታ ይህን ያህል አይደለም።

አንድ ቀን ይበቃል፦

እኔ በወንድምዎ ሐሳብ እስማማለሁ። ነገሩ በተራዘመ ቁጥር ሐዘኑ እየታደሰ ይሄዳል፤ ቤቱም ሰው ስለማይኖርበት ይበላሻል። ዘመድና ጎረቤት ጠርቶ፣ የሚጠቅመውን ለይቶ፣ የቀረውን በጭነት መኪና አውጥቶ መገላገል ነው።

ፋርማሲስት፦

ከላይ ባለው ሐሳብ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፦ ብዙ ሰው በአንድ ቀን ሲያጸዳ መድኃኒቱ የሚገባው ከሌላው ቆሻሻ ጋር ነው። ከሁሉ በፊት መድኃኒቱን ከሕፃናት እጅ አርቃችሁ ለብቻው ሰብስቡ። ለሌላ ሰው ሕመም ይሆናል ብሎ መስጠት አይገባም፤ ወደ ሽንት ቤት መድፋትም ለአብዛኞቹ መድኃኒቶች አይመከርም። ፋርማሲ ወይም ጤና ተቋም የሚቀበላችሁ ከሆነ እዚያ መልሱ። የሚቀበል ከሌለ እንክብሉን ሳትፈጩ ከአፈር ወይም ከቡና አተላ ጋር ቀላቅላችሁ በሚታሸግ ነገር ውስጥ ጣሉት፤ በማሸጊያው ላይ ያለውን ስምም ሰርዙት።

ያገለገለ መርፌ ካለ ሊበሳ በማይችል ጠንካራ ዕቃ ይቀመጥ። የአስም መንፊያ ግፊት ያለበት ስለሆነ አይበሳም፣ እሳትም ውስጥ አይጣልም። ለከባድ ሕመም ማስታገሻ ቆዳ ላይ የሚለጠፍ የፌንታኒል ፕላስተር ከተገኘ ከሁሉም የበለጠ ጥንቃቄ ይደረግ፤ ያገለገለው እንኳ ሕፃን ልጅ ሊገድል የሚችል መድኃኒት በውስጡ ይቀራል። የብርጭቆ ቴርሞሜትር ተሰብሮ ሜርኩሪው ከፈሰሰ ደግሞ መስኮት ከፍታችሁ ሰው ከክፍሉ ይውጣ፤ በመጥረጊያም ሆነ በኤሌክትሪክ መጥረጊያ አይነካ፤ መበተን ነው የሚሆነው።

ቤተ መዛግብት፦

እኔ ስለ ፎቶውና ስለ ስልኩ ልጨምር።

ፎቶግራፍን በጥድፊያ ቀን መለየት አይቻልም፤ እያንዳንዱ ፎቶ ወሬ ስለሚያስጀምር ሥራው ይቆማል። ስለዚህ ሳይለይ በካርቶን ይሰብሰብና ደረቅ በሆነ፣ ሙቀቱ በማይለዋወጥ ክፍል ይቀመጥ፤ ጣሪያ ሥርና ከመሬት በታች ያለ ክፍል አይሆኑም። ማን እንደ ሆነ የምታውቁትን ሰው ስም ከጀርባው፣ ጠርዙ ላይ፣ ለስላሳ እርሳስ ሳትጫኑ ጻፉ፤ የእስክሪብቶ ቀለም ወደ ሥዕሉ ሊያልፍ፣ ግፊቱም በፊት በኩል ሊታይ ይችላል። ገጹ የሚጣበቅ አልበም ካላችሁ ፎቶውን በጉልበት አትላጡት፤ በጥርስ ማጽጃ ክር ከሥሩ ቀስ ብሎ ማላቀቅ ይቻላል፤ እምቢ ካለ ገጹን እንዳለ ስካን አድርጉ። ትንንሽ ፎቶዎች በ600 ዲፒአይ (የስካን ጥራት መለኪያ ነው) ቢነሡ በኋላ ለማጉላት ይበቃሉ። የኔጌቲቭ ሣጥን ስትከፍቱ የኮምጣጤ ሽታ ከመጣ ፊልሙ መበስበስ ጀምሯል ማለት ነውና ከሌሎቹ ለይታችሁ ቅድሚያ ስጡት። ካሴት ላይ የእናትዎ ድምፅ ተቀርጾ ከሆነ አሮጌ ማጫወቻ ውስጥ ከማስገባታችሁ በፊት ባለሙያ ይየው፤ ማግኔታዊ ክር ከፎቶ ቀድሞ ያረጃል።

የስልኩን ነገር አስምሩበት። መስመሩን በቶሎ አታስዘጉ። የባንክና የኢሜይል ማረጋገጫ ኮድ የሚመጣው በዚያ ቁጥር ስለሆነ ከተዘጋ በኋላ ብዙ በር አብሮ ይዘጋል፤ የመስመሩ ክፍያ መዘጋቱ ከሚያስከትለው ድካም ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው። መክፈቻውን በግምት አትሞክሩ፤ ተደጋጋሚ ስሕተት ስልኩን ሊቆልፈው፣ አንዳንዱንም ባዶ ሊያደርገው ይችላል። አፕል ከ2021 መጨረሻ ጀምሮ ሰው በሕይወት ሳለ ከሞቱ በኋላ መረጃውን የሚያገኝለትን ሰው እንዲመርጥ ፈቅዷል፤ ፌስቡክም ይህንኑ የመሰለ ምርጫ ከ2015 ጀምሮ አለው። ይህ ካልተደረገ የሞት የምስክር ወረቀትና እንደ ሁኔታው የፍርድ ቤት ትእዛዝ ይጠየቃል። ጎግል በበኩሉ ለ2 ዓመት ያልተነካን የግል አካውንት ሊሰርዝ እንደሚችል በ2023 አስታውቋል፤ እናትዎ ፎቶ እዚያ ያስቀምጡ ከነበረ ጊዜ አለን ብላችሁ አትዘናጉ። በሕግ ወራሽነታችሁ ሳይረጋገጥ በእርሳቸው ስም ወደ ባንክ አካውንት መግባት ግን፣ የይለፍ ቃሉን ብታውቁትም፣ ሌላ ችግር ያመጣል።

መካከለኛዋ ልጅ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ለአከራዩ ደብዳቤውን ወንድሜ ዛሬ እንዲጽፍ ተስማምተናል፤ ለእርሱም የሚሠራው ነገር ስለተገኘለት ቁጣው ጋብ ብሏል። የቀረኝ የእኅቴ ጉዳይ ነው። ልብሱ ይነካ በተባለ ቁጥር ታለቅሳለች፤ ያለ እርሷ እንዳናነሣው ደግሞ ዕድሜ ልክ ትቀየመኛለች ብዬ እፈራለሁ።

የውርስ ጉዳይ፦

ፍርሃትዎ ተገቢ ነው። እኔ ዘንድ የሚመጡ ወንድማማችና እኅትማማቾች አብዛኛውን ጊዜ የተጣሉት በውድ ዕቃ አይደለም፤ አንዱ ሳይጠየቅ በተሰጠ ነጠላ ወይም በተጣለ መነጽር ነው። ስለዚህ ቁም ሣጥኑ የመጨረሻው ይሁን። ወጥ ቤቱና መጋዘኑ ቀድመው ይለቁ፤ በዚያ ስሜት የሚነካ ነገር ትንሽ ነው፤ ሥራውም ወደ ፊት ሲሄድ ይታያል።

እኅትዎን «ልብሱን እናንሣ?» ብለው አይጠይቋት፤ ለዚህ ጥያቄ «አይሆንም» ከማለት በቀር መልስ የላትም። ይልቁንም «ለአንቺ የሚቀመጠውን ምረጪ» ይበሏት። መምጣት ካቃታት ልብሱ ተንጠልጥሎ እንዳለ ፎቶ አንሥተው ይላኩላት፤ የመረጠችው ሳይታጠብ በንጹሕ ጨርቅ ይጠቅለል፤ የእናቷ ሽታ የሚቀረው በታጠበው ላይ አይደለምና ስለ ማጠብ እርሷ ትወስን። የቤቱ ማስረከቢያ ቀን ከደረሰና አሁንም ካልቻለች ደግሞ የቀረውን በካርቶን አሽጋችሁ ከእናንተ በአንዱ ቤት አስቀምጡ፤ መክፈቻው ቀን በእርሷ ፈቃድ መሆኑን ሦስታችሁም ተስማሙ።

ሦስታችሁም ለምትፈልጉት አንድ ዕቃ ዕጣ ማውጣት ከክርክር ይሻላል። ማን ምን እንደ ወሰደ በአንድ ደብተር ተጽፎ ሦስታችሁም ብትፈርሙበት ነገ ለውርስ ማጣራቱም ያገለግላችኋል። ሽቶም ይሁን ማበጠሪያ፣ አነስተኛ ነው ተብሎ አይዘለል።