የድሮ የብር ሳንቲም ለምርመራ የት ይላክ? ፒሲጂኤስ፣ ኤንጂሲ ወይስ አናክስ

እዚህ ዋሽንግተን አካባቢ የድሮ መታሰቢያ ሳንቲም መሰብሰብ የጀመራችሁ ልጆች ደጋግማችሁ ስለጠየቃችሁኝ አንዴ ልጻፈው። ሦስቱም የሳንቲሙን እውነተኛነት መርምረው፣ ደረጃ ሰጥተው በፕላስቲክ ማሸጊያ የሚያሽጉ ድርጅቶች ናቸው። ከሁሉ በፊት ግን፣ እባካችሁ እንዳታጥቡት!

እኔ አጥቤዋለሁ። የ1893ቱ የኮሎምበስ ግማሽ ዶላር ነበር። እናቴ የብር መስቀሏን በሎሚ ስታሽ እያየሁ ነው ያደግኩት። ጠቆር ብሎ ሳየው ያንኑ አደረግኩ። አብረቀረቀልኝ፣ ደስ አለኝ። ከምርመራ ሲመለስ የደረጃ ቁጥር የለውም፤ «ታጥቧል» ይላል። ለካ ሰብሳቢው የሚወደው ያንን ጥቁረት ኖሯል።

ደረጃው ከ1 እስከ 70 ነው። 60 እና ከዚያ በላይ ማለት እጅ ለእጅ ያልዞረ ማለት ነው። ኮሎምበስ ላይ ቅንድቡንና ጉንጩን፣ ከጀርባው የመርከቡን ሸራ በአጉሊ መነጽር እዩ። ቀድሞ የሚበላው እዚያ ጋ ነው።

ወደ ጥያቄያችሁ ስመጣ፣ ለመሸጥ ካሰባችሁ ፒሲጂኤስ ይሻላል፤ ገዢው ብዙም አይከራከርም። ኤንጂሲም አይተናነሰውም። እንዲያውም ማሸጊያው የሳንቲሙን ጠርዝ ስለሚያሳይ እኔ እሱን እወዳለሁ። ሁለቱም ጋ በቀጥታ ለመላክ አባልነት ያስፈልጋል፣ ወይ በነጋዴ በኩል ነው። አናክስ አባልነት አይጠይቅም። ለራሳችሁ የምታስቀምጡት ከሆነ ይበቃችኋል፤ ስትሸጡት ግን ዋጋ ይቆርጡባችኋል።

የተበላ ኮሎምበስ ከሆነ ደግሞ የትም አትላኩት። የ1892 እና የ1893ቱ ተደምሮ ከ2 ሚሊዮን በላይ ሰው እጅ ገብቷል። የምርመራውና የፖስታው ሒሳብ ከሳንቲሙ ይበልጣል። ውስጡ ያለው ንጹሕ ብር 11 ግራም ከምናምን ነው፣ በቃ።

ለጀማሪ ተመርምሮ የታሸገ መግዛት ይሻላል። ባልቲሞር የሳንቲም ኤክስፖ ሲኖር ሂዱ፤ ሻጮቹ ጎን ለጎን ስለሆኑ ዋጋ ማወዳደር ይቀላል። ማሸጊያው ላይ ያለውን መለያ ቁጥር እዚያው ቆማችሁ በስልካችሁ የድርጅቱ ድረ ገጽ ላይ አስገቡት። ሻጩ ቢያኮርፍ ያኩርፍ።

የትኛውን ልጀምር ካላችሁኝ የጥቁር አሜሪካዊውን መምህር የቡከር ቲ ዋሽንግተንን ግማሽ ዶላር። ከ1946 እስከ 1951 ነው የተመታው፤ በአሜሪካ ሳንቲም ላይ የመጀመሪያው ጥቁር ሰው እሱ ነው። ዋጋውም አይጎዳም። ጉንጩ ላይ ጭረት ስለሚበዛበት አገላብጣችሁ፣ ብርሃን ላይ አዘንብላችሁ ምረጡ።