የ400 ዓመት ሥዕል ከሳተላይት ካርታ ጋር አልገጥም አለኝ

ፍሎረንስ ውስጥ የመልክዓ ምድር ንድፍ እማራለሁ። ለአንድ ኮርስ ከፒቲ ቤተ መንግሥት ጀርባ ያለውን የቦቦሊ የአትክልት ስፍራ ጥንት ከነበረው ጋር ማነጻጸር አለብኝ። መነሻዬ ሠዓሊው ጁስቶ ኡቴንስ የሜዲቺዎችን (ፍሎረንስን ይገዛ የነበረውን ቤተሰብ) ቪላዎች የሣለባቸው ሥዕሎች ናቸው፤ ከ1599 እስከ 1602 እ.ኤ.አ. የተሣሉ። 14ቱ አሁን ላ ፔትራያ ቪላ ውስጥ ተሰቅለዋል።

የቦቦሊው ሥዕል ያፈዝዛል። ከፒቲ ቤተ መንግሥት ጀርባ ዛፎቹ በየረድፋቸው ተደርድረዋል፤ ኮረብታው ላይ ደግሞ የቤልቬዴሬ ምሽግ ጉብ ብሏል። ግን ሁሉም ነገር ከላይ ገደድ ብሎ እንደሚታይ ነው የተሣለው። ልኬት የሚባል ነገር የለውም።

የሥዕሉን ፎቶ ኪውጂአይኤስ (QGIS) የሚባል የካርታ ሶፍትዌር ላይ ጭኜ ከሳተላይት ምስል ጋር ለማጋጠም ሞከርኩ። የቤተ መንግሥቱን ማዕዘኖች ስይዝ ኮረብታው ይጣመማል። ለካ ፒቲ በ17ኛው ክፍለ ዘመን በግራም በቀኝም ተለጥጧል፤ ሥዕሉ ላይ ያለው የድሮው ጠባቡ ነው። ቪዮቶሎኔ የሚሉት ሰፊው የአትክልት ስፍራው ባለ ፈረንጅ ጥድ (ሳይፕረስ) መንገድም ያኔ ገና አልነበረም። ምሽጉ ግን በ1590ዎቹ የተሠራ ስለሆነ እሱን ያዝኩ። አሁን ደግሞ ኮረብታው ሲስተካከል የቤተ መንግሥቱ ፊት ለፊት ተንሻፈፈ።

እንዲህ ዓይነት የድሮ ሥዕል ከካርታ ጋር ያገናኛችሁ ካላችሁ፣ ምሽጉንና የቤተ መንግሥቱን መሐል በር ብቻ ይዤ ልቀጥል ወይስ ማጋጠሙን ትቼ ቦታ በቦታ ላነጻጽር?