ቀኑን ሙሉ ብሎክ ስትደረድር የምትውል ልጅ

ጠያቂዋ፦ የሦስት ዓመት ተኩል ልጅ አለችኝ። አጎቷ የሰጣትን የእንጨት ብሎክ ይዛ ወለሉ ላይ ቁጭ ካለች ምሳ እንኳ ትዝ አይላትም። እናቴ ደግሞ "የጎረቤት ልጅ ሀ ሁ ጨርሷል፣ ይቺ እንጨት ትከምራለች" እያለች ልቤን አደረቀችው። እውነት ጊዜዋን እያባከነች ነው?

የኬጂ መምህርት፦ እህቴ፣ አትስጊ። እስኪ አንድ ቀን ዝም ብለሽ አጠገቧ ተቀመጪ። ትንሹን ከታች፣ ትልቁን ከላይ ስታደርግ ይወድቅባታል። በሚቀጥለው ትልቁን ታስቀድማለች። ማንም አልነገራትም እኮ! ሁለቱ አጫጭር ብሎኮች ተገጣጥመው ረጅሙን ሲያክሉ ስታይ ደግሞ ግማሽ ማለት ምን እንደሆነ በእጇ አወቀች፤ ስሙን በኋላ ትማረዋለች። ነገ እርሳስ የሚይዙት ጣቶቿም እዚሁ ይፍታታሉ። በ1837 ጀርመን ውስጥ የመጀመሪያውን መዋዕለ ሕፃናት የከፈተው ፍሪድሪክ ፍሮቤልም ልጆቹን ያጫውት የነበረው በእንጨት ኩቦች ነው። እኛ ጋ ግን ወላጅ ደብተር ላይ የተጻፈ ካላየ ቅር ይለዋል፣ እኛም እናስጽፋለን። ልክ ባይሆንም እውነቱ ይሄ ነው።

የሁለት ወንዶች አባት፦ አብረሻት አውሪ። "ጎበዝ" ብለሽ ከማለፍ "መኪናው በድልድዩ ሥር ያልፋል?" ብትያት ይሻላል። ልጄ "ሥር፣ መሃል፣ አጠገብ" ማለት የለመደው እዚያው ወለል ላይ ነው። የራሴን ጥፋት ልንገርሽ፦ ግንቡ ባዘመመ ቁጥር እጄን ሰድጄ አቃናለታለሁ። አንድ ቀን "አባ፣ ተው! የኔ ነው" ብሎ እጄን መታኝ። አሁን እጄን ኪሴ ከትቼ ነው የማየው።

እንጨት ሠሪ፦ ዋጋው ለሚከብዳችሁ፣ ሠፈር ካለ አናጺ ቁርጥራጭ አይጠፋም። ችፑድ ይቅርባችሁ፣ ይፈረፈራል። ደረቅ እንጨት ይሁን። አንዱን የሌላውን እጥፍ አድርጎ ይቁረጥላችሁ፣ ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት በደንብ ያለስልሰው። ቀለም አያስፈልግም።

አዲስ እናት፦ የኔ ገና ዓመት ከሦስት ወሩ ነው። ሌጎ፣ ያ የሚገጣጠመው የፕላስቲክ ብሎክ፣ ይሆነዋል?

የኬጂ መምህርት፦ ትንንሾቹ በፍጹም! ከሦስት ዓመት በታች ያለ ልጅ ሁሉን ነገር አፉ ውስጥ ይከታል፣ ያንቀዋል። አፉ የማይችላቸውን ትልልቆቹን ስጪው። አሁን ሁለት ከደራረበ ይበቃዋል።

ጠያቂዋ፦ አመሰግናለሁ። ዛሬ ከሥራ ስገባ እናቴ ወለል ላይ ቁጭ ብላ "ቤተ ክርስቲያኑ በር የለውም እኮ!" እያለች ከልጄ ጋር ስትከራከር አገኘኋት። ሀ ሁ ማታ ማታ አሥር ደቂቃ እንዲሆን ተስማምተናል።