በባስኮም የጻፍኩት ፕሮግራም ናኖ ላይ አልጫን አለኝ

ጫጩት_ፈልፋይ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለእንቁላል መፈልፈያ የሙቀት መቆጣጠሪያ እየሠራሁ ነው። ሰሌዳው የቻይና አርዱይኖ ናኖ ነው፣ ኤትሜጋ 328ፒ የሚባል ቺፕ ያለው። ከሲ ቋንቋ ጋር አልተግባባንም፣ ስለዚህ በባስኮም ኤቪአር (ለእነዚህ ቺፖች የሚሆን የቤዚክ ቋንቋ ኮምፓይለር) ነው የጻፍኩት። ዲኤስ18ቢ20 የሙቀት ሴንሰሩን ማንበብ ጥቂት መስመር ብቻ ነው የፈጀው። ፕሮግራመር (ቺፑ ላይ በቀጥታ የሚጭን መሣሪያ) የለኝም፣ ያለኝ የዩኤስቢ ገመድ ነው። ኮምፓይል ያደርጋል፤ ልጭን ስል ግን «ኖት ኢን ሲንክ» (አልተግባባንም እንደማለት) ይለኛል። ቡትሎደሩ (ቺፑ ውስጥ ተቀምጦ ፕሮግራም በገመድ ተቀብሎ የሚጭነው ትንሽ ፕሮግራም) የአርዱይኖን ብቻ ነው እንዴ የሚቀበለው? ወይስ ቤዚኩ አጠፋብኝ?

ሽቦ_ቀጣይ፦
አይዞህ፣ አልጠፋም። ቡትሎደር ፕሮግራሙ በምን ቋንቋ እንደተጻፈ ግድ የለውም። ሄክሱን (ኮምፓይለሩ ያወጣውን ፋይል) በሴሪያል ይቀበላል፣ ፍላሽ ላይ ይጽፋል፣ አለቀ። እንዳንተ ባሉ የኤቪአር ቺፖች ላይ የሚቀመጠው ሜሞሪው መጨረሻ ላይ ነው። ያንተ ፕሮግራም ደግሞ ከዜሮ ይጀምራል፣ አይነካኩም። ፒክ 18 የሚባለው ሌላ ቺፕ ቢሆን ኖሮ ቡትሎደሩ ብዙውን ጊዜ መጀመሪያው ላይ ስለሚሆን፣ ከየት እንደምትጀምር ለኮምፓይለሩ መንገር ነበረብህ።

አሁን ባስኮም ውስጥ ፕሮግራመር የሚለውን «አርዱይኖ» አድርገው፣ ፍጥነቱን 57600። 115200 ላይ ትተኸው ከሆነ ችግሩ እሱ ነው። ከ2018 እ.ኤ.አ. በፊት የነበረው የናኖ ቡትሎደር በ57600 ነው የሚያወራው፤ ቻይናዎቹ ብዙ ጊዜ አሁንም አሮጌውን ነው የሚጭኑት። ኮድህ ውስጥ የጻፍከው ባውድ (የሴሪያል ፍጥነት) ሌላ ጉዳይ ነው፣ አትንካው። ተርሚናል ከፍተህ ከሆነም ዝጋው፣ ፖርቱን ይይዝብሃል።

ጫጩት_ፈልፋይ፦
ጋሼ፣ 57600 ሠራ! እግዜር ይስጥልኝ። ግን ሪሌው (በኤሌክትሪክ የሚታዘዘው ማብሪያ ማጥፊያ) የናኖው ዲ13 እግር ላይ ነው፣ ፕሮግራም በጫንኩ ቁጥር ቀጭ ቀጭ ይላል። ደግሞ ፕሮግራሙ ቢደነቅር እንቁላሉ እንዳይቀቀል ዋችዶግ (ፕሮግራሙ ሲደነቅር ቺፑን ሪሴት የሚያደርግ ሰዓት ቆጣሪ) ልጨምር ነው።

ኮድ_በሌሊት፦
ለምን ቡትሎደር ታቅፈህ ትቀመጣለህ? ዩኤስቢኤኤስፒ የሚባለውን ፕሮግራመር ግዛና በቀጥታ ጫን። ቡትሎደሩ ይጠፋል፣ 32 ኪሎባይቱ በሙሉ ያንተ ይሆናል።

ሽቦ_ቀጣይ፦
በነፃው ባስኮም ከ4 ኪሎባይት በላይ ኮምፓይል አያደርግም፣ 32ቱን ምን ሊያደርግበት ነው? ጠቦ ሲያስቸግረው ወደ ጂሲቤዚክ ወደሚባለው ሌላ የቤዚክ ኮምፓይለር ይሂድ፣ እሱ ነፃ ነው፣ ገደብም የለውም። ሙቀቱን እያስተካከለ ደጋግሞ በሚጭንበት ጊዜ ገመድ ይሻለዋል።

ዲ13ን ግን ልቀቀው። ቡትሎደሩ ሲነሳ እዚያ ያለችውን መብራት ያበራል፣ ያጠፋል። ሪሌህ አብሮ የሚጨፍረው ለዚያ ነው። ዲ0 እና ዲ1ንም ተዋቸው፣ የሴሪያሉ ናቸው። ሌላ እግር ላይ አድርግና 10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ጨምርለት፤ ቡትሎደሩ እስኪጨርስ እግሩ ተንሳፍፎ (ዜሮም 5 ቮልትም ሳይሆን) ነው የሚቆየው። ሪሌህ በዜሮ የሚበራ ዓይነት ከሆነ ሬዚስተሩን ወደ 5 ቮልት ሳበው፣ ካልሆነ ወደ ግራውንድ።

ዋችዶጉን ግን አሁን አትጨምር። አሮጌው ቡትሎደር ዋችዶግ ሪሴት ሲያደርገው እዚያው ሪሴት እያደረገ ይሽከረከራል፣ ፕሮግራምህ ጋ አይደርስም። መጀመሪያ ኦፕቲቡት የሚባለውን አዲሱን ቡትሎደር ጫንበት። ከጓደኛ አርዱይኖ ኡኖ ሰሌዳ ተዋስና «አርዱይኖ አዝ አይኤስፒ» የሚለውን ጫንባት፣ ፕሮግራመር ትሆንልሃለች፤ ከናኖው ጋር አገናኛት። ከዚያ አርዱይኖ አይዲኢ (የአርዱይኖ ሶፍትዌር) ውስጥ ቦርዱን «ኡኖ» ብለህ ምረጥና «በርን ቡትሎደር» በል። ፊውዙንም (የቺፑን መሠረታዊ ቅንብር) አብሮ ያስተካክለዋል። ቡትሎደሩ ከ2,048 ወደ 512 ባይት ይወርዳል። ከዚያ በኋላ ባስኮም ውስጥ ፍጥነቱን 115200 ማድረግ እንዳትረሳ፣ አለዚያ ያው «ኖት ኢን ሲንክ» ነው።