ጥቆማ፦ ለኤሌክትሪካል ምህንድስና ሐዋሳ፣ አርባ ምንጭ፣ አዳማ ወይስ አምስት ኪሎ?

የሐዋሳዋ እህት
ሰላም ለሁላችሁ። ታናሽ ወንድሜ የ12ኛ ክፍል ፈተናውን አልፏል፣ ተመስገን። ኤሌክትሪካል ምህንድስና ካልተማርኩ ሞቼ እገኛለሁ ብሏል። ቤታችን ሐዋሳ ነው። አባታችን እዚሁ አጠገባችን ይማር ይላሉ፤ እሱ አዳማን ወይም አምስት ኪሎን ይመኛል፤ አጎታችን የአርባ ምንጭ ምሩቅ ስለሆነ የሌላ ግቢ ስም ሲነሳ አይወድም። ምርጫ መሙያው ሊዘጋ ነው። ያለፋችሁበት ሰዎች እባካችሁ ንገሩኝ፤ በተለይ ስለ ቤተ ሙከራውና ከምረቃ በኋላ ስላለው ነገር።

ፖሊ ለዘላለም
ባሕር ዳር ፖሊ፣ ፖሊ ቴክኒኩ ማለቴ ነው። ሶቪየቶች በ1955 ሲያቋቁሙት የተግባር ትምህርት እንዲሆን አስበው ነው። የፖሊ ልጅ መፍቻ ጨብጦ ነው የሚወጣው።

የሐዋሳዋ እህት
አመሰግናለሁ፣ ግን ባሕር ዳር ከምርጫችን ውስጥ የለም።

ፖሊ ለዘላለም
አስገቡት።

አዳሜ
እህቴ፣ መጀመሪያ ይሄን አጣሪ። አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂም ሆነ ቱሉ ዲምቱ ያለው የአዲስ አበባው ሳይንስና ቴክኖሎጂ የራሳቸው መግቢያ ፈተና አላቸው። አምስት ኪሎም የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ዩኒቨርሲቲው ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ የራሱን ፈተና ይሰጣል። ስለዚህ አዳማና አምስት ኪሎ ከሐዋሳና ከአርባ ምንጭ ጋር እኩል ተሰልፈው የሚሞሉ አይደሉም። ወንድምሽ ለፈተናው ተመዝግቧል? ካልተመዘገበ ምርጫችሁ አሁኑኑ ወደ ሁለት ወርዷል ማለት ነው።

ስሙን አልጠራም
እኔ ኤሌክትሪካል ነው የተመረቅኩት። ግቢውን አልናገርም፤ እዚያ ያስተማሩኝ ጥሩ ሰዎች አሉ። ግን ስለ ላብ፣ ስለ ቤተ ሙከራው፣ ስለጠየቅሽ ልንገርሽ።

ሦስተኛ ዓመት ኤሌክትሮኒክስ ላብ ስንገባ የሚሠራው ኦሲሎስኮፕ፣ የኤሌክትሪክ ሞገድን በስክሪን የሚያሳየው መሣሪያ፣ አንድ ብቻ ነበር። የፕሮቡ፣ የመለኪያ ሽቦው፣ ጫፍ ተሰብሮ በፕላስተር ተጠቅልሏል። አንዱ ልጅ ፕሮቡን በጣቱ ጭኖ ይይዛል፣ አንዱ ማዞሪያውን ያስተካክላል፣ ሌሎቻችን ከኋላ አንገታችንን አስግገን እናያለን። እጁን ትንሽ ካነሳ ሞገዱ ይጠፋል። ሪፖርቱን ከላይኛው ባች ነበር የምንገለብጠው፣ ከነቁጥሩ። ረዳቱም ያውቃል፤ እኛም እንደሚያውቅ እናውቃለን።

ከዚያ ኢንተርንሽፕ ወጣሁ። የፋብሪካው ቴክኒሻን ሰሌዳውን ከፍቶ አንድ ኮንታክተር፣ ሞተር የሚያበራና የሚያጠፋ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያ፣ አሳየኝና “ይሄ ምንድን ነው?” አለኝ። ምልክቱን በወረቀት ላይ ዓይኔን ጨፍኜ እሥለዋለሁ። ዕቃውን ግን አይቼው አላውቅም ነበር። ቴክኒሻኑ የአሥር ፕላስ ሁለት ተማሪ ነው፤ ቀስ ብሎ፣ ሳያሳፍረኝ አስተማረኝ። አምስት ዓመት በተማርኩበት ቦታ ያዘንኩት ያን ቀን ነው።

ጫልቱዬ
የት ነው ግን? ደቡብ ነው?

ስሙን አልጠራም
አልናገርም አልኩ።

ጫልቱዬ
ደቡብ ካልሆነ አይደለም በል እንጂ።

የአርባ ምንጭ ፍሬ
የእኛ ግቢ ሊሆን አይችልም። አርባ ምንጭ ከ1979 ጀምሮ የውሃ ቴክኖሎጂ ሲያስተምር የኖረ ቤት ነው። በዚህ አገር ግድብና መስኖ ላይ የእኛን ልጅ የማታገኝበት ቦታ የለም።

ስሙን አልጠራም
ወንድሜ፣ የእናንተ ነው ያለ ሰው የለም። ደግሞ እሱ ሃይድሮሊክስ ነው፤ እሷ የጠየቀችው ኤሌክትሪካል ነው።

የአርባ ምንጭ ፍሬ
ጎበዝ ተማሪ የትም ጎበዝ ነው። ግቢውን ያየ ሰው ደግሞ ሌላ አይመርጥም።

ኮንትራት
ስለ ምግቡ ማንም አልተናገረም። ነን ካፌ ይሁን፤ በግቢው ካፌ መብላቱን ትቶ የምግቡን ብር ይወስድና ከሁለት ሦስት ልጆች ጋር ሆኖ ከግቢ ውጭ ከአንዲት እናት ቤት የምግብ ኮንትራት ይያዝ። እኔ ካፌ እየበላሁ ጨጓራዬን ታምሜ ነው የቀየርኩት።

የልጅ አባት
ልጄ፣ እኔ ሁለት ልጆቼን ልኬ ያየሁትን ልንገርሽ። የትምህርቱ ነገር ይደርሳል፣ መንገዱ ነው የሚያሳስበው። ልጁ ለበዓል ሲመጣና ሲመለስ እናትየው እንቅልፍ የላትም። ሐዋሳ ቤቱ ነው። አባታችሁ የሚሉት እውነት አለው።

አዳሜ
አባባ፣ ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ቤት ሆኖ መማርም የራሱ ጣጣ አለው። ቡድን ተሠርቶ የሚጠናው ማታ ነው። ከቤት የሚመላለስ ልጅ ለቤት ሥራው ውጤት ብቻ ይደርሳል።

የልጅ አባት
እሱስ ልክ ነህ። ሐዋሳ ቢደርሰውም ዶርም ይግባ በሉታ።

የሳይት ሰው
እህታችን ስለ ላብ ጠየቀች። እስካሁን ስለ ሶቪየት፣ ስለ ግድብና ስለ ጨጓራ ተነግሯታል። ቀጥሉ፤ ምደባው እስኪወጣ ትጠብቃችኋለች።

ፖሊ ለዘላለም
አንተስ ምን ተናገርክ?

ጂሲ ኤሌክትሪካል
እሺ እኔ ልሞክር፣ ዘንድሮ ተመራቂ ነኝ።

የግቢ ምርጫ ሲሞላ ኤሌክትሪካል ደረሰው ማለት አይደለም። መጀመሪያ ፍሬሽማን ይማራል፣ ዲፓርትመንት የሚያገኘው በጂፒኤውና በምርጫው ተወዳድሮ ነው። ኤሌክትሪካልን፣ ሶፍትዌርንና ሲቪልን ሁሉም ሰው ነው የሚሻማባቸው። ስመ ጥር ግቢ ገብቶ፣ ጂፒኤው ሳይበቃ፣ ያላሰበው ዲፓርትመንት ውስጥ ቀሪዎቹን ዓመታት ሊያሳልፍ ይችላል። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄሽ “በዚህ ግቢ ባለፈው ዓመት ኤሌክትሪካል የገባው የመጨረሻ ልጅ ጂፒኤው ስንት ነበር?” ይሁን። የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል።

ስለ ላብ ከሆነ ዩኒቨርሲቲውን ወይም አስተማሪ አትጠይቂ። የአራተኛ ዓመት የኤሌክትሪካል ተማሪ ፈልጊና “ባለፈው ሴሚስተር ማሽን ላብ ላይ በእጅህ የገጠምከው ምን ነበር?” በዪው። ሞተር አስነስቼ፣ ሎድ ጨምሬ፣ ፍጥነቱ ሲወርድ ለካሁ ካለሽ ላቡ ይሠራል። “ማኑዋሉ አለ” ካለሽ ገብቶሻል።

ስትሪሙንም፣ ማለት በኤሌክትሪካል ውስጥ የሚመረጠውን ዘርፍ፣ ጠይቂ። ፓወር፣ ኮሙኒኬሽን፣ ኮንትሮል፣ ኤሌክትሮኒክስ እየተባለ ይከፈላል፤ ግን አስተማሪ ስለሌለ ብቻ የሚዘጋ ስትሪም አለ። ወንድምሽ ፓወር ከፈለገ መብራት ኃይልና ፋብሪካ ለኢንተርንሽፕ የሚቀርበው ከተማ ይጠቅመዋል። ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርኩ አለላት፤ አዳማም ዙሪያዋ ፋብሪካ ነው።

የመውጫ ፈተናው ግን የትም ብትማሪ ያው አንድ ነው። ከ2015 ጀምሮ ሁሉም ይፈተናል፣ 50 ከመቶ ማምጣት አለበት። የግቢ ስም እዚያ ወረቀት ላይ አይረዳውም።

ስሙን አልጠራም
ይሄን ያኔ የሚነግረኝ ሰው ባገኝ። ኮንታክተሩን እኔ አንድ ሱቅ ሄጄ ገዝቼ ፈትቼ ነው የተማርኩት። እህቴ፣ ወንድምሽ የትም ይግባ፣ ብሬድቦርድና (ሰርኪዩት መሞከሪያ ሰሌዳ) መልቲሜትር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) የራሱ ይኑረው።

ከሲልቨር ስፕሪንግ
እዚህ አሜሪካ ለምህንድስና ፈቃድ ሳመለክት የጠየቁኝ ትራንስክሪፕትና የየኮርሱን ዝርዝር ይዘት ነው። የግቢዬን ዝና የጠየቀ የለም። የኮርሶቹን መግለጫ በእንግሊዝኛ፣ ማኅተም አስደርጎ ከግቢ ሳይወጣ ይያዝ። ከአሥር ዓመት በኋላ ሰው ልኮ ማስፈለግ ከባድ ነው።

ጫልቱዬ
እኔ ግን አሁንም የት እንደሆነ ማወቅ እፈልጋለሁ።

የሐዋሳዋ እህት
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጂሲ ያልከውን ሁለቱንም ጥያቄ ለሁለት ግቢ ልጆች ልኬ መልስ መጥቶልኛል፤ አባቴም ቁጭ ብለው አንብበውታል። ምርጫው ትናንት ማታ ተሞልቷል። አሁን ሌላ ነገር ላስቸግራችሁ፦ ላፕቶፕ ልገዛለት ነው። የቱ ይሻለዋል?

ጂሲ ኤሌክትሪካል
አሁን አትግዢ። ፍሬሽማን ላይ አያስፈልገውም፤ ዶርም ውስጥ ሊሰረቅም ይችላል። ዲፓርትመንቱን ሲይዝ ማትላብ የሚባለውን የምህንድስና ሶፍትዌር የሚችል፣ 8 ጊጋ ራም እና ኤስኤስዲ ያለው ይበቃዋል።

ፖሊ ለዘላለም
የትኛውን ሞላችሁ ግን?

ኮንትራት
ራሙ 16 ይሁን።