«ቁልፍ ተጫኝ» ማለት ምን ማለት ነው?

የማታ ፈረቃ፦ ትናንት አንድ ሰውዬ ቪዲዮ ላይ ቁጭ ብሎ «ላደር (የፋብሪካ ማሽን የሚታዘዝበት በስዕል የሚጻፍ ቋንቋ) መማር ጊዜ ማባከን ነው፣ ሮቦት ፕሮግራመር የሚባለውም ቁልፍ ተጫኝ ነው፣ ፓይተን ኮድ መጻፍ የቻለ በሁለት ሳምንት ይደርስበታል» ሲል ሰምቼ ደሜ ፈላ። ሙያ ሊመርጥ ያለ ሰው ነው እኮ ይሄን የሚያየው።

ኮድ ብቻ፦ ምን አጠፋ? የሮቦቱን ክንድ እየነዳህ ነጥቡ ላይ ታደርሰዋለህ፣ ሪከርድ፣ ቀጣዩ ነጥብ፣ ሪከርድ። ቁልፍ መጫን ካልተባለ ምን ሊባል ነው። ላደር ደሞ የሪሌይ (በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ) ስዕል ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ፒኤልሲ (ማሽን የሚቆጣጠረው የፋብሪካ ኮምፒውተር) ሲመጣ ኤሌክትሪሻኑ እንዳይደናገር ተብሎ የተሠራ ነገር እስከዛሬ ሙጭጭ ብላችሁበታል።

ፊውዝ፦ «ኤሌክትሪሻኑ እንዳይደናገር» እሷን አትዝለላት። ሌሊት 9 ሰዓት መስመር ሲቆም የሚቀሰቀሰው ማነው፣ አንተ ነህ? ላፕቶፑን ሰክቶ ላደሩ ላይ አረንጓዴው መስመር የቱ ጋ እንደተቆረጠ ያያል፣ ያቺን ሴንሰር ሄዶ ሲያያት ሌንሷ አቧራ ለብሷል፣ በሸሚዙ ጠርጎ ተመልሶ ይተኛል። ያንተን ኮድ ክላስ በክላስ ሲፈታ ይንጋበት?

ኮድ ብቻ፦ አይኢሲ 61131-3፣ የፒኤልሲ ቋንቋዎች ዓለም አቀፍ ደረጃ፣ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1993 ሲወጣ ስትራክቸርድ ቴክስት (እንደ ኮድ በጽሑፍ የሚጻፈውን ቋንቋ) አስገብቷል። ላደር ብቻውን እንደማይበቃ ገብቷቸው ነው።

ፊውዝ፦ እ.ኤ.አ. በ2013ቱ እትም «ይቅር» የተባለውንስ ለምን አትነግራቸውም? ኢንስትራክሽን ሊስት፣ ያ ሌላው የጽሑፍ ቋንቋ! ጽሑፉ ተሸኘ ስዕሉ ቀረ 😂

ኮድ ብቻ፦ ኢንስትራክሽን ሊስትና ስትራክቸርድ ቴክስት አንድ ናቸው እንዴ? አታምታታ።

አክሲስ 6፦ እኔ ቁልፍ ተጫኟ ልናገር። ፔንዳንቱ (ሮቦቱን የምንነዳበት የእጅ መቆጣጠሪያ) ጀርባ ያለችውን ኢኔብል ስዊች ታውቃታለህ ኮድ ብቻ? ሦስት ደረጃ አላት። ብትለቃት ሮቦቱ ይቆማል፣ አጥብቀህ ብትጨብጣትም ይቆማል፣ መሀሏን ስትይዝ ብቻ ነው የሚሄደው፣ ምክንያቱም የደነገጠ ሰው እጁ ወይ ይለቃል ወይ ይጨመድዳል። ቲ1 በሚባለው ቀርፋፋው የእጅ ሞድ ላይ የፍጥነት ጣሪያው በሰከንድ 250 ሚሊሜትር ነው፣ ወረቀት ላይ ምንም አይመስልም፣ ክንዱ ወደ ደረትህ ሲመጣ ግን እንነጋገራለን። «ሁለት ሳምንት» ባዩ መጀመሪያ እሷን ቁልፍ ይጫናት።

ኮድ ብቻ፦ እና ተጫንሽ አይደል? 😏

የማታ ፈረቃ፦ አይ አንተ። አንዱ ልጅ፣ ፓይተን እንደ ውሃ የሚጠጣ፣ ፋኑክ ሮቦት ላይ የኢንኮደር (የክንዱን አቀማመጥ የሚለካው) ባትሪ ሊቀይር ብሎ ኮንትሮለሩን «ለጥንቃቄ» አጠፋው። በርቶ እያለ ነው እኮ የሚቀየረው! መልሶ ሲያበራው ክንዱ ዜሮው የት እንደነበር ረስቷል። ማስተሪንግ (ዜሮውን መልሶ ማስያዝ) እንደገና፣ ከዛ ነጥብ በነጥብ እየዞርን ስናርም ሁለት ሌሊት ሄደ። ልጁ ጎበዝ ነበር ደሞ፣ ጉብዝናው አይደለም ጉዳዩ።

ኮድ ብቻ፦ ማኑዋል አለማንበብ የፓይተን ጥፋት ሆነ?

ሰነፉ፦ ባካችሁ ሁሉንም ነገ ኤአይ ይጽፈዋል፣ ምን ያጨቃጭቃችኋል።

ፊውዝ፦ ይጻፈዋ። ሲሙሌሽን ላይ የማያምር የለም፣ ጠረጴዛው ድሮዊንጉ ካለው 4 ሚሊሜትር ተገፍቶ ሲተከል ነው ጨዋታው። ሜትር ይዞ የሚመጣው ኤአዩ ነው?

ሰነፉ፦ ካሜራ የሚባል ነገር አልሰማህም?

ፊውዝ፦ ካሜራውን ካሊብሬት የሚያደርገው ማነው፣ ጎረቤትህ?

አክሲስ 6፦ ፓይተን ፓይተን የምትሉት ደሞ ኩካ ኬአርኤል ይላል፣ ኤቢቢ ራፒድ ይላል፣ ፋኑክ ቲፒ አለው፣ ካሬል አለው፣ ሁሉም የሮቦት አምራች የየራሱ ቋንቋ። ለማንኛውም እኔን ያደከመኝ ቋንቋው አይደለም መንከራተቱ ነው፣ ኮሚሽኒንግ (ማሽኑን ቦታው ላይ አስነስቶ ማስረከብ) በተባለ ቁጥር ሻንጣ፣ «ሦስት ቀን ነው» ይሉሻል ወር ሆኖ ታርፊዋለሽ።

የማታ ፈረቃ፦ እሱን እንኳን ተይው፣ ቁስል አትንኪ።

ጀማሪ፦ ሰላም፣ መኻል ስለገባሁ ይቅርታ። ዘንድሮ ኤሌክትሪካል ልጨርስ ነው፣ ከየቱ ልጀምር?

ፊውዝ፦ ላደር።

ኮድ ብቻ፦ ፓይተን።

አክሲስ 6፦ መጀመሪያ የኤሌክትሪክ ድሮዊንግ ማንበብ ልመድ፣ ሁለቱም ይቆዩህ።

ኮድ ብቻ፦ «ይቆዩህ» ስትል ሰማችኋት? እስኪ ድሮዊንግ ብቻ ያነበበ ማን ቀጥሮት ያውቃል።

ፊውዝ፦ እኔን።