መብራት ጠፍቶ ካርታዬ በሰሃን ተከድኗል፦ አራት ልብ ይዤ ልክፈል ወይስ ልጣል?

ባለ ሽምብራው (ሐዋሳ)፣ ማታ 2፡10

እባካችሁ ፈጥናችሁ መልሱልኝ። በወዳጄ ቤት ቴክሳስ ሆልደም (እያንዳንዱ ሁለት ካርታ ይዞ መሐል ከሚወጡት አምስት ካርታዎች ጋር የሚያጣምርበትን ፖከር) እየተጫወትን ሳለ መብራት ስለ ጠፋ፣ ሁላችንም ካርታችንን በየፊታችን በሰሃን ከድነን ሻማ ሊገዛ የወጣውን ልጅ እየጠበቅን ነው። እጄ ላይ ሁለት ልብ አለ፤ መሐል ከወጡት ሦስት ካርታዎችም ሁለቱ ልብ ናቸው። ጋሼ አስይዘዋል፤ ሌሎቹ ጥለው ወጥተዋል፤ ተራው የእኔ ነው። ዛሬ ማታ ፍለሽ (አንድ ዓይነት ምልክት ያላቸው አምስት ካርታዎች፣ ለምሳሌ አምስት ልብ) ስጠብቅ ሦስት ጊዜ ስለ ቀረብኝ በአራተኛው መምጣቱ አይቀርም ብዬ አምናለሁ። ስልኬ 11 ከመቶ ብቻ ቀርቶታል። ልክፈል ወይስ ልጣል?

ቁጥር ወዳድ፣ 2፡13

ክፈል። ልብ በጠቅላላው 13 ነው፤ አራቱን ስላየሃቸው ዘጠኝ ይቀራሉ። ሁለት ካርታ ገና የሚወጣ ከሆነ ዘጠኙን በ4 አባዛው፤ 36 ይሆናል፤ ትክክለኛው ስሌት 35 ከመቶ ስለሆነ ግምቱ ብዙም አይርቅም። አንድ ካርታ ብቻ ሲቀር በ2 ታባዛለህ።

ጡረተኛው መምህር፣ 2፡17

ልጄ፣ ከመክፈልህ በፊት «በአራተኛው መምጣቱ አይቀርም» ያልከውን አሳብ ከራስህ አውጣ። ካርታው በተበወዘ ቁጥር ያለፈው ሁሉ ይሰረዛል፤ ቀደም ሲል ሦስት ጊዜ መቅረቱ ለዚህኛው እጅ አንዲት ልብ እንኳ አይጨምርለትም። ደግሞም ሦስቱንም ጊዜ እስከ መጨረሻው ካርታ ከጠበቅህ፣ ሦስቱም የመቅረታቸው ዕድል 27 ከመቶ ያህል ነው፤ ይህም ማለት ከአራት ምሽት በአንዱ የሚገጥም ተራ ነገር እንጂ የተለየ መጥፎ ዕድል አይደለም። ሰው ፍለሽን የሚከስርበት ዋናው ምክንያት አራቱን ልብ ሲያይ አምስተኛውን እንደ ተቀበለ አድርጎ ስለሚቆጥር ነው፤ አሁን በእጅህ ያለው ግን ገና ምንም ያልሆነ እጅ ነው።

ሁለተኛው ነገር፣ ከላይ የተሰጠህ 35 ከመቶ የሚሠራው ሁለቱንም ካርታዎች በአንድ ክፍያ የምታይ ከሆነ ብቻ ነው፤ ለምሳሌ ያላችሁን ሁሉ አስገብታችሁ ከሆነ። ጋሼ አራተኛው ካርታ ከወጣ በኋላ እንደገና ማስያዝ የሚችሉ ከሆነ፣ አሁን የምትገዛው አንድ ካርታ ብቻ ነው፤ የዚያም ዕድል ካላየሃቸው 47 ካርታዎች 9ኙ፣ ማለትም 19 ከመቶ ነው። መሐል ምን ያህል እንዳለ፣ ጋሼ ምን ያህል እንዳስያዙና የልቡ ኤስ ከማን ጋር እንደሆነ አልነገርከንም። እነዚህ ሳይታወቁ የሚሰጥ መልስ ሁሉ ግምት ነው።

የታቦር ሥር፣ 2፡19

እኔ የምቃወመው ጥያቄውን ራሱን ነው። በፖከር አንድን እጅ የሚጫወተው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እጁ ሳያልቅ ከውጭ ሰው ምክር መጠየቅ የተከለከለ ነው። ጋሼ በጨለማ ተቀምጠው አንተ ከአምስት ሰው ጋር ስትማከር ፍትሐዊ አይደለም።

አሞራ ገደል፣ 2፡20

ዓሣው ገና ሐይቁ ውስጥ እየዋኘ ድስት ጥደህ ሽንኩርት መክተፍ ጀምረሃል ማለት ነው! ለማንኛውም ዋጋው ርካሽ ከሆነ መረቡን ጣል፤ ውድ ከሆነ ግን ወደ ቤትህ ተመለስ።

ባለ ሽምብራው፣ 2፡24

ስለ ምክሩ አመሰግናለሁ። ሁሉም ስልኩን ይዞ እየጠየቀ ነው፤ የቤቱ ባለቤትም ጋሼም ፈቅደዋል። የምንጫወተው በገንዘብ ሳይሆን በሽምብራ ነው፤ የተሸነፈው ግን ነገ አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ወስዶ የተጠበሰ ዓሣ ይጋብዛል። መሐል 60 ሽምብራ ነበር፤ ጋሼ 30 ጨመሩ፤ ከፊታቸው 200 ይቀራቸዋል፤ እኔ 240 አለኝ። የያዝሁት የልብ ኤስና የልብ 8 ነው። የወጡት የልብ ኪንግ፣ የልብ 5 እና አንድ ጥቁር 9 ናቸው። ጋሼ አንድ ጊዜ ከገቡ ካርታ አይጥሉም።

የባንክ ቤቷ፣ 2፡29

አሁን መልስ መስጠት ይቻላል። 30 ከፍለህ 120 የሚሆነውን መሐል ስለምትሻማ 25 ከመቶ ያስፈልግሃል፤ በአንድ ካርታ ያለህ ግን 19 ነው። በዚህ ብቻ ብንቆም «ጣል» እልህ ነበር። ነገር ግን ይህንኑ ክፍያ 47 ጊዜ እንደ ደገምኸው አስብ፤ በ38ቱ ልብ አይመጣም፣ 1140 ሽምብራ ይወጣብሃል። ያንን በሚሳኩት 9 ጊዜያት ለመመለስ በእያንዳንዱ 127 ያህል ማግኘት አለብህ፤ 90ው መሐል ላይ አለ። ስለዚህ ፍለሹ በገባልህ ጊዜ ከጋሼ 37 ተጨማሪ ካገኘህ አትከስርም። ካርታ የማይጥሉ ሰው 200 ሽምብራ ይዘው ከፊትህ ተቀምጠው 37 ማግኘት አይከብድም። ክፈል።

ኤሱን መያዝህ ትልቅ ነገር ነው፤ ፍለሽህን የሚበልጥ ሌላ ፍለሽ የለም። የልብ 8 እና 7 ይዘህ ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ በዚህ ድፍረት አልጽፍልህም ነበር። ጋሼ አንድ ጥንድ ኪንግ ብቻ ይዘው ከሆነ ደግሞ የቀሩት ሦስት ኤሶችም ሊያሸንፉልህ ስለሚችሉ 12 ካርታ አለህ፤ እስከ መጨረሻው ሲቆጠር 45 ከመቶ ይሆናል።

አዲስ ገቢ፣ 2፡31

ዘጠኙን በ4 አባዛው፤ 36 ከመቶ ነው።

የሌሊት ተጫዋች፣ 2፡33

ለምን ይከፍላል? ራሱ ከፍ አድርጎ ያስይዝ እንጂ! 100 ቢያስገባ ጋሼ ሊጥሉለት ይችላሉ፤ ባይጥሉም ልቡ ሊመጣለት ይችላል። የፍለሽ ተስፋ የሚጠቅመው በሁለት መንገድ ማሸነፍ ስለሚያስችል ነው።

የባንክ ቤቷ፣ 2፡36

የተናገርኸው ለሚጥል ሰው ፍጹም ትክክል ነው፤ እኔም ከጥንቁቅ ተጫዋች ጋር ብሆን ከፍ አደርግ ነበር። ነገር ግን ጠያቂው «ጋሼ ካርታ አይጥሉም» ብሎናል። ከሁለቱ መንገዶች አንዱ ከተዘጋ፣ 100 ማስገባት በገና ያልተሠራ እጅ ላይ ውድ ዋጋ መክፈል ብቻ ይሆናል።

ጡረተኛው መምህር፣ 2፡40

ሁለት ነገር ልጨምር። ከዘጠኙ ልቦች አንዱን ተጠራጠረው፤ እርሱም የልብ 9 ነው። መሐል ጥቁር 9 ስላለ ጥንድ ይሆናል፤ ጋሼ ሦስት ኪንግ ወይም ሦስት 5 ሠርተው ከሆነ ፉል ሀውስ (ሦስት ተመሳሳይ ካርታና አንድ ጥንድ) ይገባላቸዋል፤ ያም ከፍለሽህ ይበልጣል። ያ ካርታ ወጥቶ ጋሼ በድንገት ብዙ ካስገቡ ረጋ በል።

ሌላው፣ አራተኛው ካርታ ልብ ሳይሆን ቢቀርስ? በዚያን ጊዜ መሐል 120 ይኖራል። ጋሼ 150 ቢያስይዙ 36 ከመቶ ያህል ያስፈልግሃል፤ በልብ ያለህ ግን ከ46 ካርታ 9ኙ፣ 20 ከመቶ የማይሞላ ነው፤ ኤሶቹን ብትጨምራቸው እንኳ 26 ብቻ ነው። የሚቀራቸው 50 ሽምብራም ጉድለቱን አይሞላውም። «እስከዚህ ድረስ ከፍያለሁ» ሳትል ጣል፤ የከፈልኸው ሽምብራ የአንተ መሆኑ ቀርቷል። ምንም ሳያስይዙ ካሳለፉ ግን አንተም አሳልፍና መጨረሻውን ካርታ በነጻ እይ።

የታቦር ሥር፣ 2፡44

ጋሼ ከፈቀዱ ተቃውሞዬን አንሥቻለሁ። ሌላ ቦታ ግን እንዳትለምደው።

አሞራ ገደል፣ 2፡58

እኛ ጋ፣ ፒያሳ አካባቢ፣ መብራት መጥቷል። እናንተስ ጋ? ሰሃኑ ተነሣ ወይ?

የባንክ ቤቷ፣ 3፡25

ባለ ሽምብራው፣ ስልክህን ቻርጅ ስታደርግ አራተኛው ካርታ ምን እንደነበረ ጻፍልን።